ቅጥሩ ሲሠራ የተሰማው ጩኸት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ለዚህ እትም የመረጥነው ንባብ የመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 5 ነው። ስለ ነህምያ በጉባኤ ሲሰበክ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ቅጥሩ ነው፤ የፈረሰው የኢየሩሳሌም ቅጥር በ52 ቀን እንዴት እንደ ተፈጸመ፣ ሠራተኛው በአንድ እጁ እየሠራ በሌላው መሣሪያ እንደ ያዘ፣ ሰንባላጥና ጦብያም እንዴት እንደ ዘበቱበት ይተረካል። በመካከል የገባው ምዕራፍ 5 ግን ስለ ድንጋይና ስለ በር መዝጊያ አይናገርም። የሚናገረው ስለ እርሻ፣ ስለ እህል፣ ስለ ብድርና ስለ ወለድ ነው። ኢኮኖሚክስ ለምናጠና ተማሪዎች ከቅዱሳት መጻሕፍት ይህን ያህል የቀረበን ምዕራፍ የለም ብንል ማጋነን አይሆንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕዝቡ ከባቢሎን ምርኮ መመለስ የጀመረው በንጉሡ በቂሮስ ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ538 ዓመት ገደማ ነው። ነህምያ ከሱሳ ወደ ኢየሩሳሌም የመጣው ደግሞ በ445 ዓመት ገደማ ነው። እንግዲህ ምርኮው ካበቃ ከ90 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቤተ መቅደሱም ተሠርቶ ካለቀ ሰባ ዓመት አልፎታል። ጩኸቱ የተሰማው ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው፤ ያውም ሥራው በተፋፋመበት ሰዓት። ሰዎቹ የጮኹት በጠላት ላይ አልነበረም፤ ባሎችም ሚስቶችም በገዛ ወንድሞቻቸው ላይ ነው የጮኹት። አንደኛው ወገን ልጆቻችን ብዙ ናቸው፣ የምንበላው እህል የለንም ይላል። ሁለተኛው ከረኃቡ የተነሣ እርሻችንን፣ ወይናችንንና ቤታችንን አስይዘን ተበደርን ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ለንጉሡ ግብር የምንከፍለው አጥተን ገንዘብ ተበደርን ይላል። ሥጋችን እንደ ወንድሞቻችን ሥጋ ሆኖ ሳለ ልጆቻችንን ለባርነት እየሰጠን ነው ብለው ይደመድማሉ። ይህን ቃል የሰማ የይልማና ዴንሳ ገበሬ ተርጓሚ አያስፈልገውም።

ወደ አገራችን እንምጣ። በጎጃም የኢሕአዴግ ጦር ‹ዘመቻ ቴዎድሮስ› ብሎ በጠራው ዘመቻ የገባው በ1983 ዓ.ም. በየካቲትና በመጋቢት ሲሆን፣ ደርግ በዚያው ዓመት ግንቦት 20 ቀን ወደቀ። ወላጆቻችን ከዚያ በፊት ስለ ነበረው ዘመን ሲያወሩ ሁለት ነገር አይረሱም፤ ብሔራዊ ውትድርናና የእህል ኮታ። ወጣቱ ለጦር ሜዳ ይወሰዳል፤ እህሉ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ይሰጣል። ጎጃም ትርፍ አምራች ተብሎ ስለ ተመዘገበ ኮታው ይጠነክርበት ነበር። ኮታው በመንግሥት ውሳኔ የቀረው በ1982 ዓ.ም.፣ ሥርዓቱ ሊወድቅ አንድ ዓመት ሲቀረው ነው።

ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ማገገም ሐሰት አይደለም። በመንግሥት ጥናት መሠረት በ1988 ዓ.ም. ከመቶ ኢትዮጵያውያን 45.5ቱ ከድህነት ወለል በታች ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 23.5 ወረደ። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ግን ይህ ቁጥር 67 ሆኖ ተገኘ። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያሉት ነፍሳት ናቸው። ከ1996 ዓ.ም. በኋላም ከአሥር ዓመት ላላነሰ ጊዜ የአገሪቱ ኢኮኖሚ በአማካይ በዓመት 10 ከመቶ ገደማ እያደገ እንደ ሄደ በይፋ ተመዝግቧል። ይህን ማቃለል ምስጋና ቢስነት ነው። ቅጥሩ ተሠርቷል።

ይሁን እንጂ አማካይ የሚባለው ነገር ጠንቀኛ ነው። አንዱ ጎረቤት ሁለት እንጀራ በልቶ ሌላው ጦሙን ቢያድር፣ በአማካይ ሁለቱም አንድ አንድ እንጀራ በልተዋል። የድህነት ወለል የተባለውንም እንመልከት። በ2008 ዓ.ም. ይህ ወለል ለአንድ ዐዋቂ ሰው በዓመት 7,184 ብር ነበር፤ ለቀን ሲካፈል 20 ብር አይሞላም። በቀን 21 ብር የሚያገኝ ሰው፣ ያን ጊዜ አንድ የአሜሪካ ዶላር ገደማ ማለት ነው፣ ከድህነት ወጥቷል ተብሎ ተቆጠረ። በማግሥቱ አንድ በሬ ቢሞትበት ተመልሶ የሚገባበት ቤት ነው የወጣው። የዓለም ባንክ በ2007 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት ደግሞ ከ1997 እስከ 2003 ዓ.ም. በነበረው ጊዜ ድህነት በጠቅላላው ሲቀንስ ከሁሉ የደኸዩት፣ ማለት ከአሥሩ አንዱ ገደማ፣ ኑሮአቸው አልተሻሻለም። ከምክንያቶቹ አንዱ የእህል መወደድ ነው። እህል ሲወደድ የሚሸጠው ይነሣል፤ የሚሸምተው ይወድቃል። እኛ አገር ደግሞ ብዙ ገበሬ በታኅሣሥ ሻጭ፣ በሐምሌ ሸማች ነው።

እህል ሲረክስስ ለድሃው ይበጃል? ይህን ለመመለስ በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ዝናቡ ሰመረ፤ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በዱቤ ታደለ፤ በቆሎ በሚያበቅለው አገር ሁሉ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ጭምር፣ ጎተራው ሞላ። የበቆሎ ዋጋ ግን ከግማሽ በታች ወረደ። መንገድና መጋዘን ስላልነበረ፣ ገዥውም ጥቂት ስለሆነ፣ በረከቱ ዕዳ ሆነ። በአንዳንድ ቦታ የመሰብሰቢያው ጉልበት ከእህሉ ዋጋ ስለ በለጠ በቆሎው በእርሻ ላይ ተተወ። የማዳበሪያው ዱቤ ግን አልረከሰም፤ እንዳለ ተጠየቀ። ለዕዳው በሬ የሸጠ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት በምን ይረስ? ማዳበሪያ ለመውሰድስ ማን ይድፈር? ወዲያው በ1994 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ በብዙ የአገሪቱ ክፍል ጎደለ፤ በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ርዳታ ፈላጊ ሆነ። በጥጋብ ዓመትና በረኃብ ዓመት መካከል ያለው ርቀት አንድ ክረምት ብቻ ነበር። ዮሴፍ በግብፅ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት አምስተኛውን እጅ እየሰበሰበ ያኖረው ይህን ዐውቆ ነው። ብዙ ሰው የዮሴፍን ሕልም መፍታት ያደንቃል፤ እኛ ግን ጎተራውን ይበልጥ እናደንቃለን፤ ሕልም የሚፈታ ብዙ ነው፣ ጎተራ የሚሠራ ጥቂት ነው።

ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። ሞዛምቢክ የ16 ዓመት የእርስ በርስ ጦርነቷን በ1992 እ.ኤ.አ. በስምምነት ከጨረሰች በኋላ ኢኮኖሚዋ በፍጥነት አደገ፤ ድህነትም ከመቶ 69 ወደ 54 ወረደ። ከዚያ በኋላ ግን በ2003 እና በ2009 እ.ኤ.አ. የተደረጉት ቆጠራዎች ሲነጻጸሩ እድገቱ ቀጥሎ ሳለ የድሃው ቁጥር ከ54 ፈቀቅ አላለም። ከጦርነት በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው እድገት የሰላም ስጦታ ነው፤ መንገዱ ይከፈታል፣ ሰው ወደ እርሻው ይመለሳል። ሁለተኛው ግን በራሱ አይመጣም።

አሁን ወደ ነህምያ እንመለስ፤ እርሱ ጩኸቱን ሲሰማ ተቈጣ፤ ነገር ግን ወዲያው አልተናገረም። በልቡ አሰበ ይላል መጽሐፉ። ካሰበ በኋላ የገሠጸው ማንን ነው? የፋርስን ንጉሥ አይደለም፤ ሰንባላጥንም አይደለም። ታላላቆቹንና ሹማምንቱን፣ ከጎኑ ሆነው ቅጥሩን የሚሠሩትን ነው። ወለድ እያስከፈላችሁ ነው አላቸው፤ የሚመልሱትም አጥተው ዝም አሉ። የራሱ ወንድሞችና ብላቴኖችም ገንዘብና እህል ያበደሩ ስለ ነበሩ ራሱን ሳይለይ ይህን ወለድ እንተው አለ። እርሻውን፣ ወይኑን፣ ወይራውን፣ ቤቱን፣ ከመቶ አንድ የወሰዱትንም ዛሬውኑ መልሱ አለ። ‹ዛሬውኑ› የሚለው ቃል ሊጤን ይገባል፤ ቅጥሩ ካለቀ በኋላ አላለም።

በእኛ አገር ይህ ነገር ስም አለው፤ አራጣና ወለድ አገድ ይባላል። ሰኔ ላይ ልጁ የታመመበት ወይም ዘር የጎደለበት ሰው ገንዘብ ይበደራል። በወር ከመቶ አሥር ከሆነ፣ በሰኔ የተወሰደ 1,000 ብር በጥር 1,700 ብር ይሆናል። ገንዘቡን መክፈል ያልቻለ መሬቱን በወለድ አገድ ይሰጣል፤ አበዳሪው እስኪከፈለው ድረስ እርሻውን እያረሰ ይበላል፤ ባለ መሬቱ በገዛ ማሳው የቀን ሙያተኛ ይሆናል። እህልም እንዲሁ ነው፤ በክረምት አንድ ኩንታል የወሰደ በጥር አንድ ተኩል ይመልሳል። አብቁተ፣ ኋላ ጸደይ ባንክ የሆነው ተቋም፣ ለብዙ ገበሬ የአራጣን በር ያጠበበ ቢሆንም፣ በሬ የሌላትና የቡድን ዋስ ያጣች ሴት ዘንድ ብድሩ ሁልጊዜ አይደርስም።

ሠለስቱ ምእት የምንላቸው 318ቱ ሊቃውንት በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ ሲሰበሰቡ አርዮስን ብቻ አላወገዙም። በ17ኛው ቀኖናቸው በወር ከመቶ አንድ ወለድ የሚቀበል ካህን፣ አንድ ሰጥቶ አንድ ተኩል የሚቀበልም ካህን ከማዕርጉ ይሻር ብለው ወስነዋል። አስተውሉ፤ ከመቶ አንድ ነው ያሉት፤ የእኛ መንደር አራጣ ግን ከመቶ አሥር ነው። ‹አንድ ተኩል› ያሉትም የእኛው የክረምት በቆሎ ነው። ከ1,700 ዓመት ገደማ በፊት የተጻፈ ቀኖና የጥርን አውድማ ዐይቶ የተጻፈ ይመስላል። አራጣ አበዳሪው ብዙ ጊዜ ከእኛ ውጭ ያለ ባዕድ አይደለም፤ በሰንበቴ አብሮ የሚበላ፣ ለንግሥ በዓል ጥላ የሚገዛ ሰው ሊሆን ይችላል። ስለት የሚገባበትን ገንዘብ ምንጭ መጠየቅ ነውር ሆኖ ሊታይ አይገባም።

የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ሊያውቀው የሚገባ ሌላም ነገር አለ፤ ይህኛው ከገንዘብ ይልቅ ከእኛ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው። የአማራ ክልል ጤፍና በቆሎ ለአገር ይቀልባል። ነገር ግን በ2008 ዓ.ም. ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የክልሉ ሕፃናት 46 ከመቶ ገደማ የቀነጨሩ ነበሩ፤ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ይህ ነው፤ የአገሪቱ አማካይ 38 ነበር። ጎተራ ባለበት አገር ሕፃን ለምን ይቀነጭራል? ንጹሕ ውኃ ማጣትና ተቅማጥ አንዱ ምክንያት ነው። እንቁላሉና ወተቱ ለጨውና ለዘይት መግዣ ገበያ መውጣቱ ሌላው ነው። ሌላ ደግሞ አለ፤ በጾም ወራት እናት ለሁለት ዓመት ልጇ እንቁላል ለመቀቀል ትፈራለች፤ ድስቱ ይበላሻል፣ ጎረቤት ያያል ትላለች። ጾማችን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ነው። ሕፃኑ እነዚህን ቀኖች ሁሉ ሽሮና እንጀራ ብቻ እየበላ ቢያድግ አጥንቱም አእምሮውም ይጎዳል። ቤተ ክርስቲያናችን ግን ሰባት ዓመት ያልሞላውን ልጅ በጾም አታስገድድም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ከንስሐ አባቷ ጋር ትመክር ዘንድ መንገድ አላት። ስለዚህ ለሕፃኑ የተለየ ትንሽ ድስት ማዘጋጀት ጾም ማፍረስ አይደለም። እኛ ወጣቶች ይህን በየቤታችን ለእናቶቻችንና ለታላላቅ እኅቶቻችን በትሕትና ብንናገር፣ ካህናት አባቶቻችንም በዐውደ ምሕረት ቢያውጁት፣ ምንም በጀት አይጠይቅም።

የመሬቱ ነገር ከዚህ ይከብዳል። በ1967 ዓ.ም. የካቲት 25 ቀን የታወጀው ዐዋጅ መሬትን የሕዝብ አደረገ። በ1989 ዓ.ም. በክልላችን በተደረገው ሽግሽግ በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር ሹም የነበሩ ሰዎች ‹ቢሮክራት› ተብለው ከአንድ ሄክታር፣ ከአራት ቃዳ፣ በላይ እንዳይዙ ተደረገ፤ ትርፉ ለሌለው ተሰጠ። መሬት ያገኘው አመሰገነ፤ የተነጠቀው አልረሳም። ድሃን ለመርዳት የተደረገ ሥራም ቢሆን የበቀል ሽታ ካለው በመንደር ውስጥ ለዓመታት ይከርማል። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ አረንጓዴው ደብተር መሰጠቱ ግን መልካም ሆኗል፤ በተለይ ባል የሞተባት ሴት በስሟ ደብተር መያዟ ትልቅ ነገር ነው። ከሽግሽጉ በኋላ የተወለድነው እኛ ግን ድርሻችን ከአባታችን ማሳ የሚቆረስ ነው፤ አራት ወንድማማቾች አራት ቃዳን ሲካፈሉ ለእያንዳንዱ አንድ ይደርሰዋል። ስለዚህ ጓደኞቻችን ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ወረዱ፤ ሌሎቹ ወደ ዐረብ አገር ተሰደዱ። በ2013 ዓ.ም. የቡሬው የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ ሲመረቅ ብዙ ወጣት ተስፋ ያደረገው ስለዚህ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ግጭት ያን ተስፋ እንዴት እንዳደረገው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ማን ልክ ነው የሚለውን በዚህ ገጽ አንጽፍም፤ የሚጽፉት ብዙ ናቸው። የምንጽፈው መንገድ ሲዘጋ የሚሆነውን ነው። ስሟ የሰላም መንገድ የሆነ ከተማ መንገድ ተዘግቶባት ዐይተናል። መንገድ ሲዘጋ እህል በገበሬው ጎተራ ይረክሳል፣ በከተማ ይወደዳል፤ በመካከል ያለው ልዩነት ለአሻጋሪውና ለቀራጩ ይሆናል። ማዳበሪያው በዓለም ገበያ ከ2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት ወዲህ የናረው ሳያንስ፣ በወቅቱ አልደርስ አለ። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 በላይ ሆነ። ነቢዩ ሐጌ ደመወዙን በቀዳዳ ከረጢት ስለሚያኖር ሠራተኛ የተናገረው፣ በወር ደመወዝ ለሚኖር መምህር ምሳሌ መሆኑ ቀርቶ ዜና ሆነ። ከሁሉ የሚከፋው ግን በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. እጅግ ብዙ የክልላችን ሕፃናት ከትምህርት ገበታ መራቃቸው ነው። የፈረሰ ድልድይ በአንድ በጋ ይሠራል። ሦስተኛ ክፍል ሳይማር ያለፈ ልጅ ግን ሰላም በወረደ ማግሥት ዐሥራ ሁለት ዓመት ሞልቶት ቢገኝ ከስምንት ዓመት ልጆች ጋር ለመቀመጥ ያፍራል፤ እረኛ ሆኖ ይቀራል።

ሰላም ሲመጣ፣ እንዲመጣም ዘወትር በጸሎተ ቅዳሴ እንለምናለን፣ መሪዎች ቅጥር ይሠራሉ፤ ይገባልም። በዚያን ጊዜ የሚያስፈልገውን ሹም ነህምያ በራሱ አሳይቷል። በ12 ዓመት ገዥነቱ ለገዥ የተፈቀደውን ቀለብ አልወሰደም፤ ከእርሱ በፊት የነበሩት እንጀራና ወይን፣ 40 ሰቅል ብርም ይወስዱ ነበር። መሬትም አልገዛም ይላል። ይህች ትንሽ ዐረፍተ ነገር ናት፤ ነገር ግን ከጦርነት በኋላ መሬት የሚረክስበት፣ ሹም የሚገዛበት ጊዜ መሆኑን ለሚያውቅ ከባድ ናት።

እኛስ ሹም አይደለንም። ቢሆንም በእጃችን ያለ ነገር አለ። አንድ አባል በታኅሣሥ አንድ ቁና በቆሎ ወይም ዳጉሳ ቢያስቀምጥ፣ ሐምሌ ላይ ለተቸገረ ቤት ያለ አንድ ተኩል፣ ቁና ለቁና ማበደር ይቻላል። ሁለት ችግር ይታየናል። አንደኛው ነቀዝ ነው፤ ለዚህ አየር የማያስገባው ከረጢት መድኃኒት ሳይነካው እህል ያቆያል። ጓሳና ዘንገና የተባሉትን የድንች ዝርያዎች ያወጣው የግብርና ምርምር ማዕከል እዚሁ አዴት ስላለ ባለሙያ መጠየቅ አያስቸግርም። ሁለተኛው ችግር ይብሳል፤ በዚህ ጊዜ በአንድ ቤት የተከማቸ እህል ዘራፊ ይጠራል። ስለዚህ እህሉ ከየአባሉ ቤት ሳይወጣ ይቀመጥ፤ በመዝገብ ብቻ የጋራ ይሁን የሚል ሐሳብ ቀርቧል። በሬ ለሌላቸው እናቶችም በሰኔ ሁለት ቅዳሜ ወንፈል ብንገባ መሬታቸውን በወለድ አገድ ከመስጠት ይድናሉ፤ መሬት የሚያከራዩትም ውሉን በቀበሌው መሬት አስተዳደር እንዲያስመዘግቡ እኛ መጻፍና ማንበብ የምንችለው አብረናቸው እንሂድ።

በዚህ የማይስማማ አባል አለ፤ ለሕንፃ ቤተ ክርስቲያን የጀመርነው መዋጮ ሳያልቅ ሌላ መክፈት አይገባም ይላል። ተቃውሞው በጉባኤ ቢሰማ መልካም ነው። በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ እንገናኝ፤ መዝገቡን የሚይዙ ሦስት ሰዎች ይመረጣሉ፤ ከእነርሱ አንዷ እኅት እንድትሆን እንጠይቃለን። ቁና ያለው ቁናውን ይዞ ይምጣ፤ መስፈሪያው አንድ ዓይነት እንዲሆን አስቀድሞ መለካት አለበት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።